ውሉ የሚጸናበት፣ ነዋሪው የሚያልፍበት ስፍራ፦ የቸርችል ፎልስ የውኃ ኃይል ማመንጫና የኩባንያ ከተማው

መግቢያ

ትልልቅ የውኃ ኃይል ማመንጫዎችን የሚመለከቱ ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ጥያቄዎችን ያነሣሉ። አንዱ ጣቢያው ምን ያህል ኃይል ያመነጫል የሚለው ነው። ሌላው በግንባታው ምክንያት ማን ከቀዬው ተነሣ የሚለው ነው። ጣቢያው ሥራ ከጀመረ በኋላ ለሃምሳና ለስልሳ ዓመታት የሚያንቀሳቅሱት ሠራተኞች የት፣ በማን ቤትና በምን መብት ይኖራሉ የሚለው ሦስተኛ ጥያቄ ግን እምብዛም አይነሣም። ይህ አጭር ጽሑፍ ሦስቱንም ጥያቄዎች በአንድነት ለማየት የሚያመች አንድ ስፍራ ይመረምራል። ስፍራው በካናዳ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ በኒውፋውንድላንድና ላብራዶር ግዛት፣ በላብራዶር ምድር መካከል የሚገኘው ቸርችል ፎልስ ነው።

የጽሑፉ መከራከሪያ ሐሳብ የሚከተለው ነው። ከአንድ ትልቅ የተፈጥሮ ሀብት የሚገኘው ጥቅም ለማን እንደሚደርስ የሚወስነው የሀብቱ ባለቤት ማን ነው የሚለው ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱ ወገን ለምን ያህል ጊዜ ታስሯል የሚለውም እኩል ይወስናል። በቸርችል ፎልስ የኃይል ሽያጭ ውሉ ለ65 ዓመታት የጸና ነው። የከተማው ነዋሪ የመኖር መብት የሚጸናው በሥራ ላይ እስካለ ድረስ ነው። በውኃ የተሸፈነው የኢኑ ሕዝብ የአደን ምድር ደግሞ የሚመለስበት ቀን አልተቆረጠለትም። እነዚህ ሦስት የጊዜ መለኪያዎች በአንድ ጣቢያ ላይ መገናኘታቸው ስፍራውን ለጥናት የሚገባ ያደርገዋል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጣቢያውና አሠራሩ

ቸርችል ወንዝ ከላብራዶር አምባ ተነሥቶ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ የሚፈስስ ሲሆን እስከ 1965 ድረስ የሚታወቀው ሃሚልተን ወንዝ በሚል ስም ነበር። ከአምባው ወደ ሸለቆው ሲወርድ 75 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ፏፏቴ ይፈጥር ነበር። ይሁን እንጂ መሐንዲሶቹን የሳባቸው ፏፏቴው ብቻ አልነበረም። ወንዙ ከፏፏቴው በላይና በታች ባሉት ተዳፋቶች ጭምር በአጭር ርቀት ከ300 ሜትር በላይ ይወርዳል። ከውኃ የሚገኘው ኃይል በሁለት ነገሮች ብዜት የሚወሰን ነው፤ እነርሱም በሰከንድ የሚያልፈው የውኃ መጠንና ውኃው የሚወርድበት ከፍታ ናቸው። ስለዚህ ውኃውን በአምባው ላይ አቆይቶ፣ ሙሉውን ከፍታ በአንድ ጊዜ እንዲወርድ ማድረግ የዕቅዱ ቁልፍ ሐሳብ ሆነ።

ይህን ለመፈጸም አንድ ግዙፍ ግድብ መገንባት አላስፈለገም። አምባው ሰፊ፣ ለጥ ያለና በሐይቆች የተሞላ በመሆኑ፣ ውኃው ሊያመልጥባቸው የሚችሉ ዝቅተኛ ስፍራዎችን በ88 የአፈርና የድንጋይ መከተሪያዎች መዝጋት በቂ ሆኖ ተገኘ። የመከተሪያዎቹ አጠቃላይ ርዝመት 64 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአካባቢው ያሉ የሌሎች ወንዞች የላይኛው ተፋሰስ ውኃም እንዲቀየስ ተደርጎ ወደዚሁ ተቀላቀለ። በዚህ መንገድ የተፈጠረው የስሞልዉድ ውኃ ማጠራቀሚያ 6,500 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናል፤ ይህም ከጣና ሐይቅ ስፋት ሁለት እጥፍ ይበልጣል።

ከማጠራቀሚያው የሚለቀቀው ውኃ በመቆጣጠሪያ በሮች እያለፈ ወደ ጣቢያው ይደርስና በጠንካራ ዐለት ውስጥ በተፈለፈሉ 11 የውኃ ማውረጃ ቱቦዎች ቁልቁል ይወርዳል። ከምድር ወለል 300 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ፣ ዐለት ተፈልፍሎ የተሠራው የማሽኖች አዳራሽ ርዝመቱ 300 ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ ከፍታው ደግሞ 47 ሜትር ያህል ነው። በውስጡ የተተከሉት 11 ተርባይኖችና ጄኔሬተሮች በድምሩ 5,428 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም አላቸው። ውኃው ሥራውን ከጨረሰ በኋላ በሁለት ረጃጅም ዋሻዎች አልፎ ወደ ወንዙ ይመለሳል። የተመነጨው ኃይል በ735 ኪሎ ቮልት መስመሮች ተጭኖ ወደ ምዕራብና ደቡብ፣ ወደ ጎረቤቱ የኬቤክ ግዛት ይጓዛል።

የግንባታው ሥራ በ1967 ተጀምሮ፣ የመጀመሪያው ኃይል በ1971 መጨረሻ ተላከ፤ የመጨረሻው ጄኔሬተር በ1974 ሥራ ጀመረ። ከተማው ስሙን የወሰደበት ፏፏቴ ግን ውኃው ወደ ዋሻዎቹ ስለተቀየሰ ዛሬ በአብዛኛው ደረቅ ዐለት ሆኖ ይታያል።

ከተማው፦ አከራዩም፣ አሠሪውም፣ አስተዳዳሪውም አንድ ሲሆን

ግንባታው በተጀመረበት ወቅት በአካባቢው መንገድም ከተማም አልነበረም። ከቅዱስ ሎውረንስ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ተነሥቶ ወደ ብረት ማዕድን ማውጫዎቹ የሚሄደው የባቡር ሐዲድ በምዕራብ በኩል ያልፍ ስለነበር፣ ኤስከር ከተባለው ጣቢያ ወደ ሥራው ቦታ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ መንገድ ተቀደደ። በግንባታው ከፍተኛ ወቅት ከ6,000 በላይ ሠራተኞች በካምፕ ይኖሩ ነበር። ግንባታው ሲያልቅ ካምፖቹ ተነሥተው፣ ጣቢያውን በቋሚነት ለሚያንቀሳቅሱት ሠራተኞችና ቤተሰቦቻቸው የታቀደው ከተማ ቀረ። በዛሬው ጊዜ የነዋሪው ቁጥር 700 ገደማ ነው። ቅርብ የሚባሉት ከተሞች በምዕራብ ላብራዶር ሲቲ፣ በምሥራቅ ደግሞ ሃፒ ቫሊ-ጉስ ቤይ ሲሆኑ፣ ሁለቱም ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃሉ።

ከተማው የሚተዳደረው የጣቢያው ባለቤት በሆነው በቸርችል ፎልስ (ላብራዶር) ኮርፖሬሽን ነው። መኖሪያ ቤቶቹ የኩባንያው ናቸው። ነዋሪው የሚመርጠው ከንቲባም የከተማ ምክር ቤትም የለም። በክረምት ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርሰውን ብርድ ታሳቢ በማድረግ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ሆቴሉ፣ የምግብ ሸቀጥ መደብሩ፣ ቤተ መጻሕፍቱ፣ የስፖርት አዳራሹና የመዋኛ ገንዳው በአንድ ጣሪያ ሥር ተሰባስበዋል። ሕፃኑ ወደ ትምህርት ቤት፣ ወላጁ ወደ መደብር የሚሄዱት በአንድ ደጃፍ ነው።

የዚህ ዓይነቱ አኗኗር ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ወንጂንና መተሐራን የሚያውቅ ሰው፣ ቤት ከሥራ ጋር የሚሰጥበትንና ከሥራ ጋር የሚመለስበትን ሥርዓት ያውቃል። ልዩነቱ በወንጂም ሆነ በመተሐራ ዙሪያ ሌላ ኑሮ፣ ሌላ ገበያና ሌላ ሰፈር መኖሩ ነው። ከቸርችል ፎልስ ወሰን ውጭ ያለው ግን ደን፣ ረግረግና ሐይቅ ብቻ ነው። ስለዚህ ከሥራ መውጣት ማለት ከቤት መውጣት ብቻ ሳይሆን ከከተማው፣ ከዚያም አልፎ ከአካባቢው ጨርሶ መውጣት ማለት ነው።

ኩባንያው ይህን ሥርዓት ለምን እንደያዘ ለመረዳት ሦስት ምክንያቶችን ማየት ይጠቅማል። የመጀመሪያው የቤት ገበያ ጉዳይ ነው። አንድ አሠሪ ብቻ ባለበት ከተማ የግል ቤት መሥራት ለሠራተኛው አደገኛ ነው፤ ሥራው የቀረበት ሰው ቤቱን የሚገዛው ሌላ ሰው አያገኝም። ሁለተኛው የጣቢያው ባሕርይ ነው። ከምድር በታች ያለ ማሽን ሲታወክ ባለሙያው በደቂቃዎች ውስጥ መድረስ አለበት፤ ከሌላ ከተማ እስኪመጣ መጠበቅ አይቻልም። ሦስተኛው የመተካካት ጉዳይ ነው። ጡረታ የወጣው ሠራተኛ ቤቱን ካልለቀቀ ለተተኪው ባለሙያ ሌላ ቤት መሥራት ያስፈልጋል።

እነዚህ ምክንያቶች ከአሠሪው አንጻር ሲታዩ አሳማኝ ናቸው። ሆኖም ከነዋሪው አንጻር የሚያስከትሉት ዋጋ አለ። ሠላሳ ዓመት የሠራ ሰው ልጆቹን ባሳደገበት ቤት አያረጅም፤ ጡረታ ሲወጣ ቁልፉን አስረክቦ ይሄዳል። በከተማው ተወልዶ ያደገ ልጅ ወደ ትውልድ ስፍራው የሚመለሰው ኩባንያው ከቀጠረው ነው። ሠራተኛው ከአሠሪው ጋር የሚያደርገው ማናቸውም ክርክር ከአከራዩና ከከተማው አስተዳዳሪ ጋር የሚያደርገው ክርክር ጭምር ይሆናል። በአንጻሩ የኑሮው ምቾት፣ የቤት ኪራዩ ዝቅተኛነትና የጸጥታው መጠበቅ እንደ ጥቅም ሊቆጠሩ ይገባል። ለመመዘን የሚያስቸግረውም ይኸው ነው። ጥቅሙ በየወሩ የሚታይ ሲሆን፣ ዋጋው የሚከፈለው በመጨረሻው ቀን ነው።

በጁን 2024 የሆነው ነገር የከተማውን ባሕርይ በግልጽ አሳይቷል። የሰደድ እሳት ወደ ከተማው በተጠጋ ጊዜ ነዋሪዎቹ በአንዱ አውራ ጎዳና ለቀው እንዲወጡ ታዘዙ፤ ብዙዎቹም በሃፒ ቫሊ-ጉስ ቤይ ተጠለሉ። ከተማው ባዶ ሲሆን፣ ለሥራው እጅግ አስፈላጊ የሆኑ ጥቂት ሰዎች ብቻ ወደ ኋላ ቀሩ። ለኃይል ሥርዓቱ ሊቋረጥ የማይገባው ጣቢያው ነው፤ ከተማው የተሠራውም ጣቢያውን ለማገልገል ነው። ይህ የማንም ክፋት ሳይሆን የከተማው አፈጣጠር ውጤት ነው።

ውሉ፦ የርቀት ዋጋ

ከተማውን የፈጠረው ርቀት የኃይሉንም ዋጋ ወስኗል። የጣቢያው ታሪክ የሚጀምረው በ1952 የኒውፋውንድላንድ ፕሬሚየር የነበሩት ጆይ ስሞልዉድ ወደ ለንደን ሄደው ለዊንስተን ቸርችል የላብራዶርን ሀብት ለማልማት ያላቸውን ሐሳብ ባቀረቡ ጊዜ ነው። በቀጣዩ ዓመት ብሪንኮ የተባለ የኩባንያዎች ኅብረት ተመሠረተ። ወንዙ ከጊዜ በኋላ የቸርችልን ስም መያዙ ከዚህ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው።

ብሪንኮ ውኃውን የማልማት መብት ቢኖረውም ገበያ አልነበረውም። ከላብራዶር ወደ ትልልቅ የኃይል ተጠቃሚዎች የሚያደርሰው የየብስ መንገድ በኬቤክ በኩል ያልፋል። የኬቤክ መንግሥት ደግሞ በግዛቱ ውስጥ ሌላ ወገን የማስተላለፊያ መስመር ዘርግቶ ኃይል እንዲያሻግር አልፈቀደም። በ1927 ላብራዶርን ለኒውፋውንድላንድ የሰጠው የድንበር ውሳኔ በኬቤክ በኩል በበጎ ያልተቀበሉት መሆኑም የፖለቲካውን ሁኔታ አክብዶት ነበር። በዚህ ምክንያት ሻጩ በተግባር አንድ ገዢ ብቻ ነበረው፤ እርሱም የኬቤክ መንግሥት ንብረት የሆነው ሃይድሮ-ኬቤክ ነው።

ውሉ በሜይ 12 ቀን 1969 ተፈረመ። ሃይድሮ-ኬቤክ አብዛኛውን ኃይል ለ40 ዓመታት ለመግዛት ተስማማ፤ ውሉም ያለ ተጨማሪ ድርድር ለሌላ 25 ዓመታት እንዲታደስ፣ በዚህም እስከ 2041 እንዲጸና ተደረገ። ዋጋው ከገበያ ዋጋ ጋር እንዲለዋወጥ የሚያደርግ አንቀጽ አልተካተተም፤ እንዲያውም ዋጋው በጊዜ ብዛት እየቀነሰ እንዲሄድ ተወሰነ። ከ2016 ጀምሮ የሚከፈለው ዋጋ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 0.2 የካናዳ ሴንት፣ ማለትም የአንድ ዶላር መቶኛ አንድ አምስተኛ ነው። በዚህ ስሌት በዓመት 30 ቢሊየን ኪሎ ዋት ሰዓት ቢሸጥ የሻጩ ገቢ 60 ሚሊየን ዶላር ብቻ ይሆናል።

ውሉን በዛሬ ዓይን ብቻ ማየት ግን ሚዛኑን ያዛባል። ሃይድሮ-ኬቤክ በ1969 ከባድ ኃላፊነት ወስዷል። ኃይሉን ቢፈልገውም ባይፈልገውም ለመክፈል ግዴታ ገባ። ግንባታው ከታሰበው ወጪ ቢያልፍ ሥራው እንዲጠናቀቅ የሚያስችል የገንዘብ ድጋፍ ለማድረግ ቃል ገባ። አበዳሪዎች ለግንባታው ገንዘብ የሰጡት ይህን ዋስትና አይተው ነው። በዚያን ጊዜ ነዳጅ ርካሽ ነበር፤ የኑክሌር ኃይልም ከዚያ የበለጠ ርካሽ ይሆናል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። ከፊርማው አራት ዓመታት በኋላ፣ በ1973፣ የነዳጅ ዋጋ ሲያሻቅብ የኃይል ዋጋ ግምት በሙሉ ተለወጠ፤ ውሉ ግን ባለበት ጸና።

የግዛቱ መንግሥት በ1974 የብሪንኮን ድርሻ ገዝቶ የኩባንያው ዋና ባለቤት ሆነ። የዛሬው የባለቤትነት ድርሻ 65.8 ከመቶ የግዛቱ፣ 34.2 ከመቶ የሃይድሮ-ኬቤክ ነው። ሆኖም ባለቤትነቱ መለወጡ ውሉን አልለወጠውም። በ1980ዎቹ የውኃውን መብት በሕግ ለማስመለስ የተደረገው ሙከራ በካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውድቅ ሆነ። በኋላም ኩባንያው ዋጋው በቅን ልቦና መርሕ መሠረት እንደገና እንዲደራደር ጠይቆ ነበር። ፍርድ ቤቱ በ2018 በሰባት ድምፅ ለአንድ በሰጠው ውሳኔ፣ ሁለቱ ወገኖች ዐውቀው የገቡበት ውል ስለሆነ ለአንዱ ወገን ያልተጠበቀ ትርፍ ማስገኘቱ ብቻ እንደገና ለመደራደር እንደማያስገድድ ገለጸ።

ያልተጠየቁት ወገኖች

ስለ ውሉ የሚደረገው ክርክር በሁለት ግዛቶች መካከል ያለ ክርክር ተደርጎ ይቀርባል። ከሁለቱም በፊት በምድሩ ላይ የነበሩት ግን ኢኑ የተባሉት ነባር ሕዝቦች ናቸው። እነርሱ ሰሜን ርቀው ከሚኖሩት ኢኑይት የተለዩ ናቸው። ኢኑዎች በአምባው ላይ ካሪቡ የተባለውን አጋዘን እያደኑ፣ በወንዞቹና በሐይቆቹ ላይ በታንኳ እየተጓዙ ለዘመናት ኖረዋል። የሚቺካማው ሐይቅ ከዋና ዋና መገናኛ ስፍራዎቻቸው አንዱ ነበር። ማጠራቀሚያው ሲሞላ ሐይቁ በአዲሱ ውኃ ተዋጠ፤ የአደን ሰፈሮች፣ የጉዞ መንገዶችና የመቃብር ስፍራዎችም አብረው ሰመጡ። ይህ ሁሉ የተፈጸመው እነርሱ ሳይመከሩና ሳይፈቅዱ ነው።

ጉዳቱ በመሬት ብቻ አልተወሰነም። ደንና አፈር በውኃ ሲሸፈን የበሰበሰው ተክል ባክቴሪያዎች በአፈር ውስጥ ያለውን ሜርኩሪ ወደ ሜቲል ሜርኩሪ እንዲለውጡ ምቹ ሁኔታ ይፈጥራል። ይህ ንጥረ ነገር ከትንሹ ዓሣ ወደ ትልቁ እየተላለፈ ይከማቻል፤ በመጨረሻም ዓሣውን የሚበላውን ሰው ያሰጋል። ኑሮው በዓሣና በአደን ላይ ለተመሠረተ ሕዝብ ይህ የምግብ ጥያቄ ነው።

በ2011 የኢኑ ተወካዮችና የግዛቱ መንግሥት የተፈራረሙት ስምምነት ለዚህ ጉዳት ካሳ አካትቷል። እስከ 2041 ድረስ በየዓመቱ 2 ሚሊየን ዶላር ያህል፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ከጣቢያው ትርፍ ድርሻ እንዲከፈል ይደነግጋል። ካሳው የመጣው ኃይል መሸጥ ከተጀመረ ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ መሆኑን ልብ ይሏል። በውሉ ያልተሳተፈው ሕዝብ ካሳውን የሚያገኝበት ቀመር እንኳ የውሉን ማብቂያ ዓመት የተከተለ ነው።

ማጠቃለያ

በዲሴምበር 2024 ሁለቱ ግዛቶች የ1969ኙን ውል በአዲስ ለመተካት የመግባቢያ ሰነድ ተፈራርመዋል። ሰነዱ የኃይሉን ዋጋ በአማካይ ወደ 5.9 ሴንት ከፍ ለማድረግና በወንዙ ላይ ተጨማሪ ማመንጫ ለመገንባት ያቅዳል። ሰነዱ አስገዳጅ የመጨረሻ ውል ባይሆንም፣ ከ0.2 ወደ 5.9 ሴንት የሚወስደው ርቀት የመጀመሪያው ውል የጊዜ አወሳሰን ምን ያህል እንዳስከፈለ ያመለክታል።

ከዚህ ታሪክ ለተመራማሪ የሚተርፉ ሦስት ነጥቦች አሉ። አንደኛ፣ የረጅም ጊዜ የኃይል ሽያጭ ውል በሚጠናበት ጊዜ ከዋጋው እኩል መመርመር የሚገባው ዋጋው የሚከለስበት አንቀጽ ነው። የቸርችል ፎልስ ውል ጉድለት በመጀመሪያው ቀን የተተመነው ዋጋ ሳይሆን፣ ያ ዋጋ ለ65 ዓመታት ሳይጠየቅ እንዲኖር መደረጉ ነው። ሁለተኛ፣ የሠራተኞች መኖሪያ የምሕንድስናው ተከታይ ጉዳይ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። የመኖር መብቱ ከሥራ ውል ጋር ብቻ ሲታሰር፣ ከተማው ነዋሪ እንጂ ባለቤት አይኖረውም። ሦስተኛ፣ ያልተመከረ ሕዝብ ካሳ በዘገየ ቁጥር፣ ሌሎች አስቀድመው የተፈራረሙትን ቀመር ለመቀበል ይገደዳል።

እነዚህ ነጥቦች ለአገራችንም ሩቅ አይደሉም። ኢትዮጵያ ለጎረቤቶቿ ኃይል በመሸጥ ላይ ናት፤ ከኬንያ ጋር በ2022 የተፈረመው ውል የ25 ዓመት ነው። የዚህ ዓይነት ውሎች በሌላ አገር ምድር የሚያልፍ መስመርና የረጅም ዘመን ዋጋ የሚያስተሳስሩ በመሆናቸው፣ በክለሳ አንቀጾቻቸው ላይ ከወዲሁ የሚደረግ ጥናት በኋላ ከሚመጣ የፍርድ ቤት ክርክር ይሻላል። ዛሬ በማመንጫዎቻችን ዙሪያ የሚቆረቆሩትን የሠራተኛ ሰፈሮችም ከሠላሳ ዓመት በኋላ ጡረተኛው የት ይገባል በሚለው ጥያቄ መመዘን ጠቃሚ ይሆናል።